የማጅራቴ እብጠትና በቁሜ የተለቀሰልኝ ለቅሶ

ወገን፣ ዛሬ የራሴን ለቅሶ ደርሼ መጣሁ።

በእግሬ ነው የደረስኩት። ከሚኒባስ ወርጄ፣ ጥርሴ መሃል ጥብስ እንደተሰካ።

ሳቁ፣ ችግር የለም። ከሰዓት በኋላ ፖስቴን አይታችሁ «ነፍስ ይማር» ብላችሁ የጻፋችሁትም ሳቁ። አልተቀየምኩም። እኔም ብሆን እጽፍ ነበር።

ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ቢቸና ላይ አሁን ሦስት ዓይነት ወሬ አለ፤ ሦስቱም ውሸት ነው። እውነቱ ደግሞ ከሦስቱም ይብሳል። ስለዚህ ከኔው ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል።

ለማታውቁኝ፣ አማረ እባላለሁ። ቢቸና ከከብት ገበያው ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረች ጂም አለችኝ። ማሽን ምናምን የለም። ብረታችን የውሃ ቧንቧ ነው፤ ክብደታችን የአይሱዙ መኪና የማርሽ ጥርስና በዘይት ጣሳ ውስጥ የደረቀ ሲሚንቶ ነው። ልጆቹ «ቻምፒዮን» ይሉኛል። የምን ቻምፒዮን እንደሆንኩ ጠይቄ አላውቅም። ጥሩ ስም ሲሰጧችሁ ዝም ብላችሁ ተቀበሉ።

ከጥቂት ወራት በፊት ፀጉር ቤት ቁጭ ብያለሁ። ማሽኑ ማጅራቴ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ቻምፒዮን፣ ይሄ ነገር ያንተ ነው?» አለኝ ልጁ።

የማን ሊሆን ይችላል?

ዳሰስኩት። አንገቴ ከትከሻዬ የሚገናኝበት ላይ፣ ለስኳት ቁጢጥ ብድግ ስል ቧንቧው ሁልጊዜ የሚያርፍበት ቦታ፣ ሎሚ የምታህል እብጠት። ለስለስ ያለች። አታምም። ሲጫኗት ሸርተት ትላለች።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ሐኪም ቤት ሄድኩ? ኧረ የት። ፎቶ አነሣኋት!

አዎ፣ ያቺ ጀርባዬን ሰጥቼ የተነሣሁት ፎቶ። «የማጅራት ጡንቻ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ወሬ ሳይሆን ስኳት» ብዬ ፖስት ያደረግኋት። «አውሬ»፣ «ማሽን»፣ «ምን እየበላህ ነው» ብላችሁ አሞገሳችሁኝ። ያሞገሳችሁት እብጠት ነበር። አንድ ሰው ብቻ «ወንድሜ ይሄ ጡንቻ አይመስለኝም፣ ሐኪም ይየው» ብሎ ነበር። ብሎክ አደረግሁት። ዛሬ ማታ ከፍቼልሃለሁ፤ ይቅርታ።

እብጠቷ ግን ላይክም አላጠፋት። እንዲያውም ጨመር ያለች መሰለኝ። በስውር ስልኬን ጠየቅሁ። ምክሬን ስሙ፣ ስልክን እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቁ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ በሦስት ዓይነት ካንሰር ታምሜ ነበር።

እማዬ ያወቀችው ልብስ ስቀይር አይታኝ ነው። ወዲያው ፌጦ ወቅጣ ማጅራቴን ለቀለቀችው። እሷ ዘንድ ፌጦ ለሁሉም ነው፤ ለጉንፋንም፣ ለሆድ ቁርጠትም፣ ለፈተናም።

«ራቁትህን ለስልክ ስታሳይ ትውላለህ፤ አንተን የሰው ዓይን ካልበላ ማንን ሊበላ ነው?» አለችኝ።

ቆዳዬ ተላጠ። እብጠቷ እንዳለች አለች።

ከዚያ ጋሼን ጠራቻቸው።

ጋሼ አድማሱ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ፣ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሥራቸው የበሬ ደላላ ነው። የቢቸና ገበያ ውስጥ የበሬ አንገት እንደሳቸው የሚያውቅ የለም። አንዴ በእጃቸው ካለፉበት፣ ያረሰበትን ማሳ ሳይቀር ይነግሯችኋል።

«ወዲህ ና» አሉኝ። ጎንበስ አደረጉኝና ማጅራቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። ገፋ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ። ጥርሴንም ሊያዩ ይሆን ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ቀንበር የመታው ነው» አሉ። «ሁለት ክረምት ቢያርፍ ይጠፋል። ገበያ ላይ ግን ዋጋህን ይጥለዋል።»

ይሄን ያሉት በሹክሹክታ ነው። ምስጢር ሆኖባቸው አይደለም፤ የጋሼ ድምፅ ከጠፋ ሰነባብቷል። ያ ከከብት ተራ እስከ መናኸሪያ የሚሰማ ድምፅ ሻክሮ ሻክሮ ትንፋሽ ብቻ ቀርቶታል። ገበያተኛው «ጋሽ አድማሱ ድምፃቸውን ከበሬው ጋር መርቀው ሸጡት» እያለ ያላግጥባቸዋል። እኔም አላግጫለሁ። እሳቸው «ብርድ ነው» ይሉና፣ አንገታቸው ላይ የምትጠመጠመውን ፎጣቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ። ያቺን ፎጣ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አውቃታለሁ። አውልቀዋት አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ «በቃ ሞጣ ሄጄ እታያለሁ» አልኩ።

ቢቸና ሐኪም ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። ግን ወረፋ ላይ ከልጆቼ አንዱ ቢያየኝስ? «ሕመም በጭንቅላት ውስጥ ነው» እያልኩ የማሠለጥን ሰው ካርድ ይዤ ግድግዳ ተደግፌ ብታይ፣ አለቀልኝ። ሞጣ ማንም አያውቀኝም። እንደ ማንም ሰው ታምሜ፣ እንደ ማንም ሰው እመለሳለሁ።

«ብቻውን ሐኪም ቤት የሚሄድ፣ ወገን የሌለው ነው» አለች እማዬ። ስለዚህ ጋሼ አብረውኝ ተነሡ።

ዛሬ ጠዋት ነው እንግዲህ። ሚኒባስ ይዘን ሞጣ ገባን። አንድ የግል ክሊኒክ ወረፋ ያዝን። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ከኔ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። ማጅራቴን አየችና «ስፖርት ትሠራለህ?» አለችኝ።

በሕይወቴ የምወደው ጥያቄ! መለስኩላት። ረዘም አድርጌ። ስለ ቧንቧው፣ ስለ ስኳቱ፣ ትራስ ሳላደርግ በባዶ ማጅራቴ ስለመሸከሜ። ሴትዮዋ ትዕግሥት አላት።

አልትራሳውንድ ይደረግልህ ተባለ። በሆዴ ተኛሁ። ቀዝቃዛ ነገር ማጅራቴ ላይ ቀባችኝ፣ መሣሪያውን ታንሸራትት ጀመር። እኔ የሚታየኝ ወለሉ ብቻ ነው። ጋሼ እስክሪኑን ለማየት ተነሥተው ከጎኔ አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ ፎጣቸው ወለሉ ላይ ዱብ አለች። እጃቸው ወርዶ አነሣት።

በዚያው ቅጽበት ዶክተሯ ዝም አለች።

መሣሪያው ማጅራቴ ላይ ቆመ። እኔ ምን መሰለኝ? እስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር ያየች።

«ተነሥ» አለችኝ በመጨረሻ። «ሊፖማ ይባላል። የስብ እብጠት ነው። አደገኛ አይደለም። ካስጠላህ በቀላሉ ይወጣል፣ ካላስጠላህ ተወው።»

ስብ።

ወገን፣ እኔ ስብ! ጂሜ ግድግዳ ላይ በትልቁ «ስብ ጠላት ነው» ብዬ በቀለም የጻፍኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም ደስ አለኝ። ሸሚዜን እየቆለፍኩ ወደ በሩ ሄድኩ።

«አባቴ፣ እርስዎ ትንሽ ይቆዩልኝ» አለች ከኋላዬ። «አንተ ውጭ ጠብቃቸው።»

ደስታዬ እዚያው በሩ ላይ ቀረ።

ለኛ አገር ሰው ይሄን ማብራራት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ግን ውጭ አገር ያደጋችሁም ስላላችሁ ልንገራችሁ። እኛ ጋ በሽተኛ እውነት አይነገረውም። ለበሽተኛው «ጨጓራ ነው»፣ «ድካም ነው» ይባላል። እውነቱ የሚነገረው ለአስታማሚው ነው። አስታማሚው ይሰማል፣ ይወጣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ከዚያ «ደህና ነህ ተብለሃል፣ ምን እንብላ?» ይላል። ጎረቤታችንን «ነርቭ ነው» እያልን አስታምመን፣ ሕመሙ ምን እንደነበረ የሰማነው በሠልስቱ ነው።

ስለዚህ ሐኪም «አንተ ውጣ፣ እሳቸው ይቆዩ» ካለ ነገሩ አልቋል። ስብ ማለት ለበሽተኛው የሚነገረው ነው።

አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሼ ቆዩ። እጅግ ቆዩ። በሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የዶክተሯ ድምፅ ዝግ ብሎ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይያዝም። አንዴ ብቻ የጋሼ ሹክሹክታ ሾልኮ ደረሰኝ።

«እህቴ እንዳትሰማ።»

እህታቸው ማናት? እናቴ ናት።

በቃ።

ጋሼ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ፎጣቸውን እስከ አገጫቸው ጠምጥመዋል። አጠገቤ ቁጭ አሉና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ጋሼ ሰው አይነኩም፤ በሬ ነው የሚነኩት።

«ምን አለችዎ?» አልኳቸው።

«ስብ ነው ብላሃለች አይደል። በል ተነሥ፣ ሥጋ እንብላ።»

እንዴት ልግለጽላችሁ! ጋሼ ከቤታቸው ውጭ የሚበሉ ሰው አይደሉም። ድግስ ላይ እንኳ ቀምሰው ነው የሚነሡት። እሳቸው ናቸው ዛሬ ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ ሞጣ ሥጋ ቤት ገብተው ጥብስ ያዘዙልኝ።

ትሪው መጣ። እየመረጡ ወደኔ ይገፉልኛል።

«ብላ ልጄ። አንተ ብላ።»

«አንተ ልጅ» ነበርኩ ዕድሜዬን ሙሉ። ዛሬ «ልጄ» ሆንኩ። እሳቸው አንዲት ቁራጭ አፋቸው ውስጥ ሲያንከራትቱ ቆይተው በውሃ አወራረዷት። ሁለተኛ አልደገሙም። አልዋጥ ብሏቸዋል። በኔ ሐዘን መሰለኝ።

እኔ ግን በላሁ። ሁሉንም። ሞት የተፈረደበት ሰው ምግብ አይወርድለትም ሲባል እሰማ ነበር፤ ውሸት ነው።

እጃችንን ስንታጠብ «ለእናትህ ትንፍሽ እንዳትል» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ትንፍሽ የምለው ትንፋሽ ቢኖረኝ አይደል።

ተሳፈርን። ጋሼ በሩ አጠገብ፣ እኔ ከጎናቸው። እጄን ያዙኝና አለቀቁኝም። መስኮቱን አያለሁ፤ ጤፉ ታጭዷል፣ ነዶው ተከምሯል፣ ሰው ሥራውን ይሠራል። ፈራሁ። ጉረኛ ስለሆንኩ እንዲህ አይባልም፣ ግን ፈራሁ። እናቴን አሰብኩ። እኔ አንድ ነኝ ለሷ። ማታ ማታ ተከፍቶ የሚያድረው በር ለኔ ነው። ከኔ በኋላ ለማን ብላ በር ክፍት ታሳድራለች እያልኩ፣ ግንደወይን እስክንደርስ ድረስ ማልቀሴን በማሳል ደበቅሁት።

ግንደወይን ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ቆመ። ኔትወርክ መጣ።

እና ያንን ፖስት ጻፍኩ።

አንብባችሁታል፣ ግን ላላዩት ልድገመው፤ ውርደት በግማሽ አይሆንም። «ወገኖቼ፣ ሰው ያስባል እግዚአብሔር ይፈጽማል። ዛሬ ከሐኪም ዘንድ እየተመለስኩ ነው። ከዚህ በላይ መናገር አልችልም። በስኳት ያስለቀስኳችሁ ይቅር በሉኝ። ጂሙን ሙሉቀን ይያዘው፤ ቧንቧው እንዳይዝግ በዘይት ይጥረገው። እናቴን አደራ።»

ሙሉቀን ማለት ጂማችን ውስጥ ከኔ ቀጥሎ ብዙ የሚያነሣው ልጅ ነው። ከኔ ቀጥሎ የምለው እኔ ነኝ።

ፖስቱ እንደሄደ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። ለእናትህ ትንፍሽ እንዳትል ተብያለሁ፤ እኔ ደግሞ ለአገር ሙሉ ተናግሬ፣ ለእናቴ ብቻ ምስጢሩን የጠበቅሁ መሰለኝ። እማዬ ስማርት ስልክ የላትም። ጎረቤቶቿ ግን አላቸው።

ከዚያ በኋላ የሚገርም ሰላም መጣልኝ። ተሰናብቻለሁ፣ አደራ ሰጥቻለሁ፣ ቧንቧው ዘይት ያገኛል። ደብረ ወርቅን ስናልፍ እንዲያውም እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ።

ቢቸና መናኸሪያ ስንገባ ነቃሁ። ሰው ተሰብስቧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ትልቅ ሰው ሞቶ አስከሬን እየጠበቁ መሰለኝ። «ማን ይሆን ምስኪን?» አልኩ በሆዴ። ከራሴ ሞት ፋታ ወስጄ አዘንኩለት።

ከዚያ ሙሉቀንን አየሁት። የጂሙን ቁልፍ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል።

ከዚያ እማዬን አየኋት። ሁለት ሴቶች በግራና ቀኝ ደግፈዋታል።

ወገን፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ግን በሩ ጋ ያሉት ጋሼ ስለሆኑ መጀመሪያ የሚወርዱት እሳቸው ናቸው። አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ እንዳሳረፉ ሕዝቡን አዩ። እህታቸውን አዩ። ነጠላዋን አዩ። ለቅሶው ከፍ አለ።

ጋሼ ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

«ማን ነገራችሁ?» አሉ።

በዚያች በጠፋች ድምፅ። ግን ሁሉም ሰማ፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ዝም አለ።

ዞረው እኔን አዩኝ። «አንተ በር ላይ ሆነህ ታደምጥ ኖሯል?»

«ምኑን ጋሼ?»

ፎጣዋን ፈቱ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸውን አየሁት። ድሮ በልጅነታቸው እንቅርት እንደነበረባቸው ሲወራ እሰማ ነበር፤ እሱ አይደለም የሚያስደነግጠው፣ እንቅርት ያለበት ሰው በአገራችን ሞልቷል። ይሄኛው ግን በአንድ ወገን ብቻ ወጥሮ፣ ጠንክሮ፣ ጉሮሯቸውን ገፍቶ ወደ ጎን አጣሞታል። ቡጢ ያህላል።

«ይሄው፣ እዩት» አሉ። «ድምፄን የያዘው እሱ ነው አለች። መጥፎ ሳይሆን አይቀርም፣ ባሕር ዳር ሄደው ናሙና ያስወስዱ አለች። ነገሩ ይሄ ነው። እዚህ ድረስ መጥታችሁ ማልቀሳችሁ ግን ለምንድነው? ገና አልሞትኩም እኮ።»

እማዬ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች። «ወንድሜ፣ ያንተን ማን አወቀ? እኛ ያለቀስነው ለአማረ ነው።»

«ለአማረ?» አሉ ጋሼ። ግራ ገባቸው። «አማረማ ስብ ነው። አብልቼው መጣሁ።»



ከልጆቼ አንዱ ከኋላ፣ በጣም ቀስ ብሎ «ቻምፒዮን ስብ ነው?» ሲል ሰማሁ።

እማዬ መጥታ አንዴ ትከሻዬን በጥፊ አለችኝ። ከዚያ ትታኝ ወደ ጋሼ ሄዳ አንገታቸውን አቅፋ ታለቅስ ጀመር። አዲስ ለቅሶ እንኳ አልጀመረችም፤ ያንኑ ለኔ የያዘችውን ነው የቀጠለችው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ያስተካክሉት ወይስ እንደተዘቀዘቀ ይተዉት ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ይተያያሉ።

እኔ? እኔ እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። ፎጣዋ ስትወድቅ ዶክተሯ አንገታቸውን አይታ ዝም ያለችው ዝምታ፣ ያ «እህቴ እንዳትሰማ»፣ ያ አልዋጥ ያለ ቁራጭ ሥጋ፣ አንዱም የኔ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ የሳቸውን ሕመም ቀምቼ ለራሴ ሳዝን ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እጃቸውን ይዤ።

«ነገ ባሕር ዳር ትሄዳለህ» አለች እማዬ።

«አልሄድም» አሉ ጋሼ።

ሰው ለመናቸው። አሻፈረኝ አሉ። የእህል ጊዜ ነው፣ በሬ የሚፈለግበት ጊዜ ነው፣ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ አሉ። በመጨረሻ እውነተኛዋ ወጣች።

«አንገቴን ቀደው ድምፄን ጨርሰው ቢወስዱትስ? ድምፅ የሌለው ደላላ ምን ይረባል?»

«የሞተ ደላላስ?» አለች እማዬ።

ጋሼ ፎጣዋን መልሰው ይጠመጥሙ ጀመር። ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ማንም እንደማያስወጣቸው ሁላችንም እናውቃለን። የሰፈሩን ሁሉ ጠብ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውን ማን ያስታርቃል?

ከዚያ ያደረግሁትን ነው እንግዲህ ቪዲዮ የቀረጻችሁት።

የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል አይደል? የተበደለው «ጣል» እስኪል ድረስ አይወርድም። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ያገኘሁት ድንጋይ አንድ ነው፤ የሚኒባሱ ጎማ ሥር ያለው። ሳብ አድርጌ አነሣሁትና ማጅራቴ ላይ ጫንኩት፣ እዚያችው ስቧ ላይ። ጋሼ እግር ሥር ጎንበስ አልኩ።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ ልጅ?»

«በድያለሁ ጋሼ። ሲታመሙ አላየሁም። ድምፅዎ ሲጠፋ ከሰው ጋር ሆኜ ስቄያለሁ። ይቅር ይበሉኝና ነገ አብረን እንሂድ።»

ጋሼ ደላላ አይደሉ፣ ቶሎ አይጨርሱም።

በዚህ መሃል ረዳቱ ሲጮህ ይሰማኛል። «ወንድም፣ ድንጋዩ የመኪናዋ ነው! የእጅ ፍሬን የላትም እኮ!» ሚኒባሷ ቀስ እያለች ወደ ኋላ መንሸራተት ጀምራለች። ሙሉቀንና ልጆቹ ሮጠው በጀርባቸው ደገፏት። እንዲህ ነን እንግዲህ፣ ግማሻችን መኪና ተሸክመን፣ እኔ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ የአንድ ሽማግሌ «እሺ» እንጠብቃለን።

«አውርድ» አሉ ጋሼ።

«ይሄዳሉ?»

«አውርድ አልኩህ። አንገትህን ትጎዳለህ።»

«ስብ ነው ጋሼ፣ ምንም አይለውም።»

ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ግን የጋሼ ጫማ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ እየሳቁ ነው። ሳቃቸው ድምፅ ስለሌለው ነው ያልሰማሁት።

«እሺ» አሉ። «ነገ። በል ጣልና ለሰዎቹ ድንጋያቸውን መልስላቸው።»

ሰው ፊት የተባለ ቃል ነው፤ ጋሼ አያጥፉትም።

ቤት ስንገባ ጎረቤት ለኔ ንፍሮ ቀቅሎ ደርሷል። ምን ይደረግ፣ አይደፋ! ቁጭ ብለን በላነው፤ እኔም በላሁለት ለራሴ። ነገሩ ሲበርድ ጋሼ አጠገብ ተጠጋሁና ሲከነክነኝ የዋለውን ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ያንን ነገር ሰምተው ወጥተው፣ ሞጣ ላይ ሥጋውን ለምን ገዙልኝ?»

ሞኝ እንደሚያዩ አዩኝ። «ስብ ነው አለችህ እኮ። ደስ ብሎኝ ነዋ። ከሁለታችን አንዳችን ደህና ሆነን።»

ንፍሮዬን አኘክሁ።

አሁን ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ነው ይሄን የምጽፍላችሁ። ኮመንታችሁን አንብቤያለሁ። በሕይወት እያለሁ እንደዚህ ወድዳችሁኝ አታውቁም፤ አመሰግናለሁ። ሙሉቀን ቁልፉን አልመለሰም። «ከባሕር ዳር እስክትመጣ እኔ ጋ ይቆይ» አለ። ይቆይ።

ያቺ ዶክተር ታሳዝነኛለች። ለኔ እውነቱን ነገረችኝ፣ አላመንኳትም። ለጋሼ እውነቱን ነገረቻቸው፣ ደበቁት። በአንድ ጠዋት ለሁለት ሰው እውነት ተናግራ በሁለቱም አልተሳካላትም።

ትምህርቱ ምንድነው ብትሉኝ፣ የልጆችን ትከሻ በሩቅ አይቼ «ግራህ ወርዷል» የምል ሰው፣ ባሳደገኝ ሰው አንገት ላይ ያለውን ቡጢ አላየሁም። ከዚህ ወዲያ ማንንም በስኳት አልቆጣም። ለአንድ ሳምንት ያህል ማለቴ ነው።

ነገ ሌሊት በመጀመሪያው አውቶቡስ እንሄዳለን። ጋሼ ሻንጣቸውን አዘጋጅተዋል፤ እማዬ ስንቅ እየቋጠረች ነው። አስታማሚው እኔ ነኝ። ናሙናው ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ጋሼን «እርስዎ ውጭ ይቆዩ»፣ እኔን «አንተ ግባ» ይላል። ደህና ዜና ከሆነ ሮጬ ነው የምወጣው። ክፉ ከሆነ ግን ጋሼ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ቀና ብለው ያዩኛል፤ «ምን አለህ?» ይሉኛል በዚያች ትንፋሽ።

እስቲ አሁን በእግዜር ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸዋላችሁ?